በቀጥታ ግንኙነት ሽግግር ወቅት የዳታ ቅደም ተከተል አጠባበቅ

በቀጥታ ግንኙነት ሽግግር ወቅት የዳታ ቅደም ተከተልን መጠበቅ ማለት፣ ሁለት ገመድ አልባ መሣሪያዎች በራውተር፣ በሞባይል ማማ ወይም በሰርቨር አማካይነት ሲላላኩ ቆይተው እርስ በርስ በቀጥታ መነጋገር ሲጀምሩ (ወይም ከቀጥታው ወደ ቀድሞው መንገድ ሲመለሱ) የተላከው ዳታ ሳይጎድል፣ ሳይደገምና ተራው ሳይዛባ እንዲደርስ የሚያደርግ አሠራር ነው። በዋይፋይ፣ በሞባይል ኔትወርክ፣ በብሉቱዝና በኢንተርኔት ጥሪዎች ላይ ይሠራበታል። መፍትሔዎቹ እንደየኔትወርኩ ይለያዩ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ አዲሱ መንገድ ከአሮጌው ከፈጠነና ኋላ የተላከው ቀድሞ ከደረሰ ተቀባዩ ምን ያድርግ?

ችግሩ ከየት ይመጣል

በኔትወርክ የሚጓዝ ፋይል፣ ድምፅ ወይም መልእክት ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ቁራጮች ተከፋፍሎ ይላካል። ፓኬቶቹ ሁሉ በአንድ መንገድና በአንድ ወረፋ እስከሄዱ ድረስ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል፤ ተራው ብዙም አይረበሽም። መንገዱ በመሃል ሲቀየር ግን በአሮጌው መንገድ ላይ ገና ያልደረሱ ፓኬቶች ይቀራሉ፤ ላኪው ደግሞ ቀጣዮቹን በአዲሱ መንገድ መልቀቅ ይጀምራል።

ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ተራ በተራ ደብዳቤ የሚልክ ሰው ይታሰብ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደብዳቤዎች ጣናን ከደቡብ ወደ ሰሜን በሚያቋርጥ ጀልባ ሰደደ። ጀልባው ገና ሐይቁ ላይ ሳለ መኪና አገኘና አራተኛውን በጎንደር በኩል ላከ። አራተኛው ደብዳቤ ቀድሞ ይደርሳል፤ ተቀባዩ «ቀደም ብዬ እንደጻፍኩልህ» የሚለውን ሲያነብ ቀደም ብሎ የተጻፈውን ገና አላየም። ጀልባውም መኪናውም የጠፋባቸው ነገር የለም። ጥፋቱ ሁለቱን መንገዶች አለማስተባበር ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። በራውተር በኩል የሚሄድ ፓኬት ለመድረስ 40 ሚሊሰከንድ፣ በቀጥታ የሚሄደው 5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። ላኪው በየ1 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት ይለቃል። የመጨረሻው የአሮጌው መንገድ ፓኬት በተለቀቀ በ40ኛው ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ በአዲሱ መንገድ የወጣው የመጀመሪያ ፓኬት ግን በ6ኛው፣ ሁለተኛው በ7ኛው እያለ ይቀጥላል። በዚህ ስሌት 34 ፓኬቶች ከእነርሱ በፊት የተላከውን ቀድመው ይገባሉ። አንዱ ፓኬት 1,400 ባይት ቢሆን ተቀባዩ ወደ 48 ሺህ ባይት የሚጠጋ ዳታ በቋት ይዞ መጠበቅ አለበት። ለስልክ ይህ ምንም አይደለም። በጥቂት ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታ ለሚሠራ አነስተኛ የመለኪያ መሣሪያ ግን ከአቅም በላይ ነው።

የመልስ ጉዞው፣ ማለትም ከቀጥታ ወደ ራውተር መመለሱ፣ ሌላ ዓይነት ችግር ያመጣል። አዲሱ መንገድ ከአሮጌው ስለሚዘገይ መቅደም የለም፤ ይልቁንም መደገም አለ። ሁለቱ መሣሪያዎች ሲራራቁ ላኪው የመጨረሻዎቹን ፓኬቶች ይልካል፤ ፓኬቶቹ ይደርሳሉ፤ «ደርሶኛል» የሚለው ምላሽ ግን በመንገድ ይጠፋል። ላኪው ያልደረሰ መስሎት ያንኑ ፓኬት በራውተር በኩል ይደግመዋል። በዋይፋይ ላይ የተደገመ ፍሬም የሚለየው በላኪው አድራሻና በተራ ቁጥሩ ነው። በራውተር በኩል የዞረው ፍሬም ደግሞ በራውተሩ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ የተቀባዩ የዋይፋይ ክፍል ሁለቱን ቅጂዎች እንደ ሁለት የተለያዩ ፍሬሞች ተቀብሎ ወደ ላይ ያሳልፋቸዋል።

በዋይፋይ ላይ

በተለመደው የዋይፋይ አሠራር አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ላፕቶፖች እንኳ በቀጥታ አይነጋገሩም። አንዱ የሚልከው ፍሬም መጀመሪያ ወደ ራውተሩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ አየሩ ለአንድ ዳታ ሁለት ጊዜ ይያዛል። ይህን ለማስቀረት የአይትሪፕልኢ መሥፈርቶች ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው 802.11 ኢ ቀጥታ ግንኙነትን ፈቀደ፤ ራውተሩ ግን ይህን የሚያውቅና የሚተባበር መሆን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው 802.11 ዜድ፣ በተለምዶ ቲዲኤልኤስ የሚባለው፣ ይህን ጥገኝነት አስቀረ። የግንኙነት ጥያቄዎቹ ተራ ዳታ መስለው ስለሚያልፉ ራውተሩ ምን እንደተወራ ሳያውቅ ያስተላልፋቸዋል።

የቲዲኤልኤስ አመሠራረት ሦስት መልእክቶች አሉት፦ ጥያቄ፣ መልስ፣ ማረጋገጫ። ቅደም ተከተሉን የሚጠብቀው ደንብ እዚህ ላይ የገባ ነው። ጠያቂው ጥያቄውን ከላከ በኋላ፣ መላሹም የእሺታ መልሱን ከላከ በኋላ፣ አንዱ ለሌላው በራውተሩ በኩል ዳታ መላክ ማቆም አለባቸው። ጥያቄውና መልሱ በራውተሩ በኩል ስለሚያልፉ ከፊታቸው የተላኩትን ፓኬቶች ተከትለው ነው የሚደርሱት። ስለዚህ ቀጥታው መስመር ሲከፈት አሮጌው መስመር ባዶ ሆኗል፣ ወይም ሊሆን ተቃርቧል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ተጨማሪ ቁጥርም ተጨማሪ ቋትም አይጠይቅም።

«ተቃርቧል» ለማለት ምክንያት አለ። ዋይፋይ ለድምፅ፣ ለቪዲዮ፣ ለተራ ዳታና ለማይቸኩል ዳታ አራት የቅድሚያ ወረፋዎች አሉት። ጥያቄው ቅድሚያ ባለው ወረፋ ካለፈና ዳታው በማይቸኩለው ወረፋ ውስጥ ከዘገየ፣ መልእክተኛው ጓዙን ቀድሞ ይገባል። ራውተሩ በተጨናነቀበት ሁኔታ፣ ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ምሽት ላይ ሁሉም ቪዲዮ በሚከፍትበት ሰዓት፣ ይህ ሊፈጠር የሚችል ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ፦ ዋይፋይ ፍሬሞቹን አስቀድሞ ይቆጥር የለም ወይ? ይቆጥራል። እያንዳንዱ ፍሬም ከ0 እስከ 4095 የሚሄድ ተራ ቁጥር አለው፤ በ802.11 ኤን ተቀባዩ እስከ 64፣ በ802.11 ኤኤክስ (ዋይፋይ 6) እስከ 256 ፍሬሞችን በቋት ይዞ ያደረድራል። ነገር ግን ቁጥሩ የሚሰጠው በእያንዳንዱ ዝላይ ላይ ነው። በአሮጌው መንገድ የመጣው ፍሬም የራውተሩን ቁጥር፣ በአዲሱ የመጣው የላኪውን ቁጥር ይዟል። የራውተሩ 812 እና የላኪው 57 ማን እንደሚቀድም የሚያሳዩት ነገር የለም። ምስጠራውም እንዲሁ ነው፤ ቀጥታው መስመር የራሱ አዲስ ቁልፍና ከአዲስ የሚጀምር ቆጠራ አለው። ቲዲኤልኤስ «ማቆምን» የመረጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሞባይል ኔትወርክ ላይ

የሞባይል ኔትወርክ ከዚህ የተለየ ልማድ አለው። ስልክ ይዞ የሚጓዝ ሰው ከማማ ወደ ማማ ስለሚሸጋገር ርክክብ ለኢንዱስትሪው የዕለት ሥራ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ሁለት ዘዴዎች ተደራርበው ይሠራሉ።

አንደኛው የማብቂያ ምልክት ነው። ኔትወርኩ የአንድን ስልክ ዳታ ከአሮጌው ማማ ወደ አዲሱ ሲያዞር በአሮጌው መንገድ ላይ የመጨረሻ ሆኖ የሚሄድ ምልክት ይልካል፤ ትርጉሙ «ከእኔ በኋላ በዚህ የሚመጣ የለም» ነው። አዲሱ ማማ ከአሮጌው የሚተላለፉለትን ፓኬቶች አስቀድሞ ለስልኩ ይሰጣል፤ በቀጥታ የመጡለትን ይዞ ይቆያል፤ ምልክቱ ሲደርስ ያኔ ይለቃቸዋል። በደብዳቤው ምሳሌ፣ ጀልባው ላይ የሚጫነው የመጨረሻ ደብዳቤ «በጀልባ የምልከው ይኸው አበቃ» ይላል፤ በመኪና የመጣውን የተቀበለ ሰው ይህን እስኪያይ ፖስታውን አይከፍትም።

ሁለተኛው ፒዲሲፒ የሚባለው ፕሮቶኮል የሚሰጠው ተራ ቁጥር ነው። ከዋይፋይ ቁጥር የሚለየው ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በስልኩና በኔትወርኩ መካከል ስለሚቆጠር ነው፤ ፓኬቱ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ቁጥሩ አይቀየርም። በአምስተኛው ትውልድ ቁጥሩ 12 ወይም 18 ቢት ነው፤ ማለትም 4,096 ወይም 262,144 ድረስ ቆጥሮ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ዙሩ ስንተኛ እንደሆነ ሁለቱም ወገኖች ለየብቻ ይይዛሉ፤ ዙሩና ተራ ቁጥሩ ተጣምረው 32 ቢት ይሆናሉ። ይህ ጥምር ቁጥር ለምስጠራውም ግብዓት ነው። ስለዚህ በሽግግር ላይ አንዱ ወገን የዙር ቆጠራውን ቢስት ተራው ብቻ አይደለም የሚበላሸው፤ ፓኬቱ ሲፈታ ትርጉም የሌለው ቢት ይሆናል።

የጎደለ ፓኬት ጭራሹን ካልመጣስ? ተቀባዩ ለዘላለም እንዳይጠብቅ የማደርደሪያ ሰዓት ቆጣሪ ተቀምጧል። ኔትወርኩ ከ0 እስከ 3,000 ሚሊሰከንድ ካሉት እሴቶች አንዱን ይሰጠዋል። ሰዓቱ ካለፈ የጎደለው እንደጎደለ ቀሪው ይለቀቃል። ቆጣሪው ሲያጥር ፋይል ይጎዳል፤ ሲረዝም ጥሪ ይጎዳል። ሁሉን የሚያስደስት ቁጥር የለም።

በስልክና በስልክ መካከል የሚደረግ ቀጥታ ግንኙነት በሞባይል መሥፈርት ውስጥ የገባው በስሪጂፒፒ 12ኛው እትም ሲሆን፣ በዋናነት ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ታስቦ ነበር። 16ኛው እትም ለተሽከርካሪዎች ወደ አምስተኛው ትውልድ አመጣው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተዘጋው 17ኛው እትም ደግሞ አንድ ስልክ ለሌላው አሸጋጋሪ እንዲሆንና በሁለቱ መንገዶች መካከል መቀያየር እንዲቻል ፈቀደ። እዚህ ላይ አንባቢን የሚያደናግር የስያሜ ነገር አለ። በዋይፋይ «ቀጥታ» ማለት ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ነው፤ በዚህ የሞባይል መሥፈርት ግን «ቀጥተኛ መንገድ» ከስልኩ ወደ ማማው የሚሄደው ሲሆን በጎረቤት ስልክ በኩል የሚያልፈው «ተዘዋዋሪ» ይባላል። ያም ሆነ ይህ ፒዲሲፒ በአሸጋጋሪው ስልክ ላይ አይቆምም፤ ከራቀው ስልክ እስከ ማማው ድረስ ሳይቋረጥ ይዘልቃል። መንገዱ ሲቀየር ያልተረጋገጡት ፓኬቶች በቀድሞ ቁጥራቸው ይደገማሉ፤ ተቀባዩ በቁጥሩ ያደረድራል፤ የተደገመውን ይጥላል። ይህ የአሸጋጋሪ አሠራር በገበያ ባሉ ተራ ስልኮች ላይ እስካሁን የተለመደ አይደለም።

ከላይ ያሉት ፕሮቶኮሎች

ከታች ያለው ክፍል ተራውን ባይጠብቅ እንኳ ቲሲፒ ያስተካክለዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በነፃ አይደለም። ቲሲፒ ለእያንዳንዱ ባይት በ32 ቢት የሚቆጠር ቦታ ስላለው መተግበሪያው የተዛባ ፋይል አይቀበልም። ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። በቆየው ደንብ መሠረት ላኪው ስለ አንድ የጎደለ ፓኬት ሦስት ተደጋጋሚ ምላሽ ከደረሰው «ጠፍቷል፤ መንገዱ ተጨናንቋል» ብሎ ይደመድማል፤ ፓኬቱን ይደግማል፤ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ከላይ በተሰላው ምሳሌ 34 ፓኬቶች ቀድመው ገብተዋል፤ ለድምዳሜው ሦስት ይበቃ ነበር። በዚህም ምክንያት ፍጥነት ለማግኘት ወደ ቀጥታ መስመር የተዛወረው መሣሪያ ለጊዜው ከቀድሞው ብሶ ሊዘገይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 መሥፈርት የሆነው ራክ የተባለ ዘዴ ከቆጠራ ይልቅ ያለፈውን ጊዜ ስለሚመለከት እንዲህ ያለውን መቀዳደም በተሻለ ይታገሣል።

መልቲፓዝ ቲሲፒ ሁለት መንገዶችን በአንድ ጊዜ ይጠቀማል። ለየመንገዱ የራሱ ቆጠራ፣ ለጠቅላላው ዳታ ደግሞ ሌላ የጋራ ቆጠራ አለው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ለሲሪ አገልግሎቱ ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኩዊክ ደግሞ ግንኙነቱን ከአይፒ አድራሻ ነጥሎ በመለያ ቁጥር ያስረዋል። ይህ ለባሕር ዳር ተጠቃሚ ሩቅ ነገር አይደለም። የስልኩ ዳታ የተዳከመበት ሰው የጓደኛውን ሆትስፖት ሲከፍት፣ ወይም ሁለት ሲም ያለው ከኢትዮ ቴሌኮም ወደ ሳፋሪኮም ሲቀይር፣ የአይፒ አድራሻው ይለወጣል። በተራ ቲሲፒ ይወርድ የነበረ ፋይል ይቋረጣል፤ በኩዊክ የሚወርደው ግን ሊቀጥል ይችላል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁራጭ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ቦታ ይዞ ይጓዛል። የሆትስፖት ቅያሬ እንግዲህ ከላይ እንደተገለጸው ዓይነት የተቀናጀ ሽግግር አይደለም፤ አንዱን ዘግቶ ሌላ መክፈት ነው።

ጥሪ

በቀጥታ ጥሪ ላይ ስሌቱ ይገለበጣል፦ የዘገየ ፓኬት ከጠፋ ፓኬት አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የድምፅ ጥሪ የጀመረው ቴሌግራም ጥሪን ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ ወይም በራሱ ሰርቨሮች በኩል ማድረግ ይችላል፤ ምርጫው በግላዊነት ቅንብር ውስጥ ይገኛል። በሰርቨር የሚሄደው የአይፒ አድራሻን ይደብቃል፤ ቀጥታው ብዙ ጊዜ የተሻለ የድምፅ ጥራት ይሰጣል። ሁለቱም ተነጋጋሪዎች ባሕር ዳር ሆነው ድምፃቸው ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ዞሮ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ለድምፅና ለቪዲዮ የሚያገለግለው አርቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል በ16 ቢት ይቆጥራል። አንዱ ፓኬት 20 ሚሊሰከንድ ድምፅ ከያዘ ቁጥሩ በየ22 ደቂቃው ገደማ ዞሮ ይጀምራል። ተቀባዩ ትንሽ ቋት ይይዛል፤ የተቀዳደሙትን እዚያ ያደረድራል፤ ተራቸው ካለፈ በኋላ የደረሱትን ይጥላል። በሽግግሩ ቅጽበት የሚሰማው የቃል መቆራረጥ ከዚህ ይመጣል።

በጣና ሐይቅ ዳር

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ባሕር ዳር በደቡብ ዳርቻው ትገኛለች፤ ዘጌ፣ ደቅና ሌሎችም ሰው የሚኖርባቸው ስፍራዎች በጀልባ ይደረሳሉ። ለሬዲዮ ሞገድ ሜዳማ የውኃ ገጽ እንደ መስታወት ነው። ከማማው በቀጥታ የሚመጣው ሞገድና ከውኃው ነጥሮ የሚመጣው ጀልባው ላይ ይገናኛሉ፤ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጣፋሉ። ጀልባው ሲጓዝ ሲግናሉ ከፍ ዝቅ ይላል። መንገድ የሚመርጥ መሣሪያ እያንዳንዱን ከፍታና ዝቅታ ተከትሎ ቢቀያየር በየቅያሬው የማደርደር ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ አዲሱ መንገድ በተወሰነ መጠንና ለተወሰነ ጊዜ በልጦ ካልታየ ቅያሬ እንዳይደረግ ገደብ ይቀመጣል።

ተራ መዛባት ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል በሐይቁ ላይ ጥሩ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የሸፈነውን ስፋት ለመለካት አንዱ መንገድ በጀልባ ዳር ዳሩን እየዞሩ የጂፒኤስ ነጥብ መያዝ ነው። ነጥቦቹን አንድ መሣሪያ ይይዛል፤ ወደ ሌላው ይልካል፤ ተቀባዩ በደረሱበት ተራ አገናኝቶ ስፋቱን ያሰላል። ጎኑ 100 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በአራት ነጥብ ቢያዝ ስፋቱ 10,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 1 ሄክታር ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ነጥብ ቦታ ቢለዋወጡ መስመሩ ራሱን ያቋርጣል፤ የተለመደው የስፋት ቀመርም ዜሮ ይሰጣል። አራቱም ነጥቦች ደርሰዋል፤ አንዱም አልተሳሳተም፤ አንድ ሄክታር እምቦጭ ግን ከሰንጠረዡ ጠፍቷል።

በተራ ቁጥር ፈንታ ሰዓት መጻፍ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። የሁለት ስልኮች ሰዓት ግን እኩል አይደለም፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ስልኩን በእጁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው ስላለ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ዘዴ ከግድግዳ ሰዓት ነፃ ነው፦ እያንዳንዱ መሣሪያ ለሚያደርገው ሁሉ ቁጥር ይጨምራል፤ መልእክት ሲቀበልም የራሱን ቆጠራ ከመጣው ቁጥር በላይ ያደርጋል። በዚህ መንገድ ምክንያት ሁልጊዜ ከውጤቱ ያነሰ ቁጥር ይይዛል።

ዜንደርና ብሉቱዝ

እንደ ዜንደር ያሉ ፋይል ማጋሪያዎች የዚህ ችግር ምሳሌ ሆነው ሲጠቀሱ ይታያል፤ አይደሉም። አንዱ ስልክ ሆትስፖት ይሆናል፣ ሌላው ይገናኘዋል፣ ፋይሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው መስመር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው ዋይፋይ ዳይሬክትም በተመሳሳይ ከሁለቱ አንዱን እንደ ራውተር ያደርጋል። የመንገድ ቅያሬ ስለሌለ የሚቀላቀል ተራም የለም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት እንደተቋረጠበት ባለ ጊዜም እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩት ያው ማማም ሰርቨርም ስለማያስፈልጋቸው ነው።

ብሉቱዝ ግን በእርግጥ ሞክሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ብሉቱዝ 3.0 ግንኙነቱን በብሉቱዝ ጀምሮ ትልቅ ፋይል ሲመጣ ወደ ዋይፋይ ሬዲዮ የማዛወር አማራጭ ነበረው። ላኪው መላክ ያቆማል፤ መስመሩ ይዛወራል፤ ያልተረጋገጡት ከአዲሱ በኩል ይደገማሉ። በአምራቾች ዘንድ ብዙም ሳይለመድ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 በብሉቱዝ 5.3 ከመሥፈርቱ ወጥቷል።